ሁለት ባለማስታወሻ በአንድ ከተማ
(«ባትማን፡ ዪር ዋን»ን ደግሞ ማንበብ)

የመርማሪ ታሪክ ስናነብ ሳንናገረው የምንፈርመው ውል አለ። መርማሪው ያውቃል፣ እኛ አናውቅም። በመጨረሻው ምዕራፍ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አንድ ክፍል ሰብስቦ ማን ማንን ለምን እንደገደለ ይዘረዝራል፣ እኛም «ወይ ጉድ!» ብለን መጽሐፉን እንከድናለን። የኮናን ዶይልም ሆነ የአጋታ ክሪስቲ ታሪኮች በአብዛኛው የሚተዳደሩት በዚህ ውል ነው። ዛሬ ላነሳው ያሰብኩት ኮሚክ ግን ውሉን ገልብጦታል። እዚህ አንባቢው ያውቃል፣ መርማሪው ገና እየፈለገ ነው። ደግሜ ሳነበው ቀልቤን የያዘውም ይሄው ነገር ነው።

ኮሚኩ «ባትማን፡ ዪር ዋን» ይባላል፤ «የመጀመሪያው ዓመት» እንደማለት። ጸሐፊው ፍራንክ ሚለር፣ ሠዓሊው ዴቪድ ማዙኬሊ፣ ቀለሙን የቀባችው ሪችመንድ ሉዊስ፣ ፊደሎቹን የጻፈው ደግሞ ቶድ ክላይን ነው። (የፊደል ጸሐፊውን ስም የጠራሁት ለሥርዓት ያህል እንዳይመስላችሁ፣ እመለስበታለሁ።) «ባትማን» በተሰኘው ወርሃዊ መጽሔት ከቁጥር 404 እስከ 407 በአራት ተከታታይ ክፍል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት በአንድ ጥራዝ ታትሟል። አራቱ ክፍሎች ተደምረው ታሪኩ መቶ ገጽ እንኳ አይሞላም። እኔ ጋ ያለው ጥራዝ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ለእረፍት ሲመጣ ይዞት መጥቶ ትቶልኝ የሄደው ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ለድብድቡ ብዬ በአንድ ማታ ጨረስኩት። ዘንድሮ የፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ከወሰድን በኋላ ስከፍተው ድብድቡ ወደ ኋላ ሸሽቶ አተራረኩ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቁጭ አለ።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ባትማን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በሜይ 1939 «ዲቴክቲቭ ኮሚክስ» በተባለ መጽሔት ቁጥር 27 ላይ ነው። ዲሲ የሚባለው ትልቁ አሳታሚ ስሙን ያገኘው ከዚሁ መጽሔት ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው፤ ስለዚህ «መርማሪ» የሚለው ቃል ከስሙ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ፈጣሪዎቹ ቦብ ኬን እና ቢል ፊንገር ናቸው። የፊንገር ስም በይፋ ከኬን ጎን መጻፍ የጀመረው ግን በ2015 ነው፣ ሰውዬው ካረፈ ከአርባ ዓመት በኋላ! (ባይላይን የማግኘት ጉዳይ ለኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ቀላል ነገር አይደለምና ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልኩም።) ያ የመጀመሪያ ታሪክ ስድስት ገጽ ብቻ ነው። የሚከፈተው ኮሚሽነር ጎርደንና ሀብታሙ ወጣት ብሩስ ዌይን ቁጭ ብለው ሲጨዋወቱ ነው፤ ብሩስ ባትማን መሆኑን አንባቢው የሚያውቀው ታሪኩ ሲዘጋ ብቻ ነው። ማለትም አሮጌው ውል በትክክል ተከብሯል።

ኮሚክ ለማያውቅ አንባቢ ሁለት ቃላት ላስተዋውቅ። ሥዕሉ የሚቀመጥበት ሳጥን ፓነል ይባላል። በፓነሉ ጠርዝ ላይ በትንሽ ሳጥን የሚጻፈው ትረካ ደግሞ ካፕሽን ነው፣ እኛ ከፎቶ ሥር እንደምንጽፈው ማለት ነው። በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ኮሚኮች ውስጥ ካፕሽኑ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ሥዕሉ ያሳየውን ያንኑ ነው። ሰውዬው በመስኮት ሲዘል ተስሏል፤ ካፕሽኑ «ሰውዬው በመስኮት ዘለለ» ይላል። መምህሮቻችን «ፎቶው የሚናገረውን አትድገሙት» እያሉ የሚቀጡን ነገር! ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ የሚያስቡት ነገር በራሳቸው አናት ላይ በደመና ቅርጽ ይጻፍ ነበር።

ሚለርና ማዙኬሊ ሁለቱንም ጣሉ። ደመና የለም። ሁሉን የሚያውቅ የውጭ ተራኪም የለም ማለት ይቻላል፤ ከውጭ የሚመጣው ቀኑ ብቻ ነው። «ጃንዋሪ 4» ይላል፣ ታሪኩ ይጀምራል። ከዚያ ቀን እስከ ዲሴምበር ድረስ ዓመቱን እየቆራረጠ ይሄዳል። አንዳንዱ ቀን ብዙ ገጽ ያገኛል፣ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ፓነል ብቻ ይደርሰውና ያልፋል፣ ሳምንታት ጭራሽ ይዘለላሉ። ትረካውን የያዙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ጎታም የተመለሰው የሃያ አምስት ዓመቱ ብሩስ ዌይን ነው። ሌላው በዚያው ቀን ለሥራ ተዛውሮ የመጣው መቶ አለቃ ጂም ጎርደን ነው፤ ገና ኮሚሽነር አልሆነም። ሁለቱም «እኔ» እያሉ፣ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር እየቆረጡ፣ ማስታወሻ ደብተር ላይ እንደሚጽፍ ሰው ይተርካሉ። ክላይን ደግሞ የሁለቱን ካፕሽን በተለያየ የእጅ ጽሑፍ ነው የጻፈው። ገና ቃሉን ሳታነቡ ማን እየተናገረ እንደሆነ ዓይናችሁ ይነግራችኋል። «አለ ጎርደን»፣ «ሲል ብሩስ አሰበ» የሚል አያስፈልግም። ምንጭ መጥቀስ በፊደል ቅርጽ ብቻ ሲሠራ እዚህ ነው ያየሁት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ብቻ ለይቶ ማጥናት ይቻላል። ጎርደን በባቡር እየገባ ነው። በመስኮቱ የሚያየው የከተማዋን ጓሮ ስለሆነ በአውሮፕላን ብመጣ ኖሮ ከላይ መንገዱንና ሕንፃውን ብቻ አይቼ ከተማዋ ሰው የሚኖርባት ትመስለኝ ነበር ብሎ ያስባል። ብሩስ ደግሞ በዚያው ሰዓት በአውሮፕላን እየገባ ነው። ከላይ ሲያያት ከተማዋ አምራበታለች፤ ጠላቱ ግን አይታየውም፣ ስለዚህ በባቡር መምጣት ነበረብኝ ይላል። በቃ! ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ፣ አንዱ የሌላውን ቦታ እየተመኘ፣ ያንኑ ከተማ በሁለት መስኮት አዩት። የገጸ ባሕርይ መግለጫ የለም፣ «ጎርደን ሐቀኛ ፖሊስ ነበር» የሚል የለም። ግን ሁለቱ ሰዎች ወደፊት እንደሚገናኙ ከዚህ ወዲያ የሚጠራጠር አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጎታም ከላይ እስከ ታች በሙስና የተበላች ከተማ ናት። ኮሚሽነር ሎብ፣ የጎርደን ባልደረባ ፍላስ፣ የወንጀለኞቹ አለቃ ፋልኮኒ ሁሉም በአንድ ማዕድ ነው የሚበሉት። ጎርደን አልበላም ሲል ባልደረቦቹ ፊታቸውን ሸፍነው መንገድ ላይ ይደበድቡታል። እሱም ተራውን ጠብቆ ፍላስን ብቻውን ያገኘዋል… ያንን ገጽ ራሳችሁ አንብቡት። ብሩስ በበኩሉ ከተማዋን ብቻዬን አጸዳለሁ ብሎ ተነስቷል፣ ግን እንዴት እንደሚጀምር ገና አላወቀም። የመጀመሪያ ሙከራው ውርደት ነው። ፊቱን ቀይሮ ወደ ድሆቹ ሰፈር ይወርዳል፣ ሊያድናት የፈለጋት ልጅ ራሷ ጭኑ ላይ በቢላ ትወጋዋለች፣ ፖሊስ ይተኩስበታል። እየደማ ቤቱ ገብቶ አባቱ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እጁ ላይ ትንሽ ደወል አለች። ደወሉን ቢደውል አሽከሩ አልፍሬድ መጥቶ ቁስሉን ያሽግለታል፣ ካልደወለ ደሙ ፈስሶ ያልቃል። ይደውል እንደሆነ እያሰበ ሳለ የሌሊት ወፍ መስኮቱን ሰብራ ትገባለች።

ይህቺ የሌሊት ወፍ አዲስ አይደለችም። ኖቬምበር 1939 በወጣው ቁጥር 33 ላይም አለች፤ እዚያ ግን በተከፈተ መስኮት ነው የምትገባው። ብሩስ በሰላም ቁጭ ብሎ ምን ለብሼ ወንጀለኛን ላስፈራራ እያለ ሲያስብ ድንገት ትመጣለታለች፣ እንደ ጥሩ ሐሳብ። በ1987ቱ ላይ መስታወት አለ፣ መስታወቱ ይሰበራል፣ ሰውየው እየሞተ ነው። መረጃው ያው ነው፦ ሰው፣ መስኮት፣ የሌሊት ወፍ። ደወሏ ስትጨመር ግን ሌላ ታሪክ ሆነ፤ መኖር መፈለጉን የምናውቀው በዚያች ትንሽ ደወል ነው። አንድ ዕቃ በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥ ሦስት አንቀጽ የስሜት መግለጫ ይተካል የሚባለው ይሄ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ተነሳሁበት ወደ ምርመራው ልምጣ። ባትማን በከተማው መታየት ሲጀምር እንዲይዘው የሚታዘዘው ጎርደን ነው። እዚህ ላይ መርማሪው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። እንደኔ እንደኔ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እውነተኛው መርማሪ ጎርደን ነው፣ ባትማን የሚመረመረው ጉዳይ ነው። ጎርደን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ረዳት ዐቃቤ ሕጉን ሃርቪ ዴንትን ነው፤ ሰውየው ጉልበት አለው፣ በሙሰኞቹ ላይ ቂም አለው። ቢሮው ሄዶ ይጠይቀዋል፣ ዴንት ተረጋግቶ ይመልሳል። ጎርደን ሲወጣ ሥዕሉ እኛን ብቻ አንድ ነገር ያሳየናል፣ ባትማን ዴንት ጠረጴዛ ሥር ተደብቋል! ጎርደን ትክክለኛው ክፍል ገብቶ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቆ፣ ከሚፈልገው ሰው ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሰነፍ ስለሆነ ግን አይደለም። የቆመበት ቦታ የሚያሳየው ያን ያህል ብቻ ነው። ብሩስ ዌይንን የምትጠረጥረው እንዲያውም ባልደረባው ሳራ ኤሰን ናት፤ ገንዘቡም አለው፣ ወላጆቹም ተገድለውበታል ብላ።

የኮሚኩ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ተራኪ የሚናገረው ያየውን፣ የሰማውንና እሱ ራሱ ያሰበውን ብቻ ነው። ብሩስ የጎርደንን ልብ አያውቅም፣ ጎርደንም የብሩስን። ሁለቱን ማስታወሻ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያገናኘው አንባቢው ነው። የምርመራው ሥራ የኛ ሆነ ማለት ነው።

ይሄ ነገር ከኮሚክ አልፎ እኛን የሚነካን በወንጀል ዘገባ በኩል ነው። በጋዜጦቻችን የወንጀል ዓምድ ውስጥ አሁንም የሚወደደው አጻጻፍ ሁሉን የሚያውቅ ተራኪ ነው። ለምሳሌ «ወጣቱ ቢላዋውን ሲስል ፊቱ ላይ የጭካኔ ፈገግታ ይታይ ነበር፤ ዛሬ አበቃላት ሲል በልቡ ዛተ» ይባላል። ማን አየው? ልቡ ውስጥ ማን ገባ? ሟች ሞታለች፣ ተጠርጣሪው ዝም ብሏል፣ ጎረቤት የሰማው ጩኸት ብቻ ነው። በክፍል ውስጥ ይህን ስናነሳ «ካላጣፈጥከው ማን ያነበዋል?» የሚል መልስ የሚሰጡ ጓደኞች አሉን፤ እውነታቸውን ነው፣ ደረቅ የፖሊስ መግለጫ ማንም አያነብም። ግን ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይላል። የአንድን ተጠርጣሪ ልብ ከፍተን «ዛተ» ብለን ስንጽፍ ችሎቱ ከመሰየሙ በፊት ፈረድን ማለት ነው፣ ያውም ባልሰማነው ቃል። «ዪር ዋን» ማሳየት የቻለው ነገር ቢኖር ማጣፈጥና ልብ ውስጥ መግባት የግድ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ሚለር ልብ ወለድ እየጻፈ፣ ደስ ያለውን ሰው ልብ መክፈት መብቱ ሆኖ ሳለ፣ ራሱን በሁለት ምስክር ብቻ ወሰነ። ታሪኩ አልደረቀም፤ ጭራሽ እንቅልፍ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎርደን ራሱ በዚህ ፈተና ውስጥ ያልፋል። ባትማን ሕግ ጥሷልና ወንጀለኛ ነው፣ እኔ ፖሊስ ነኝ፣ ስለዚህ መያዝ አለብኝ ይላል። ከዚያ ዓይኑ እያየ ሰውየው አንዲት ደሃ አሮጊትን ከጭነት መኪና ሥር ያድናል። ባትማን ባዶ ሕንፃ ውስጥ ሲደበቅ ደግሞ የፖሊስ ልዩ ኃይል ቤት የሌላቸው ሰዎች የሚያድሩበትን ያንን ሕንፃ በቦምብ ያጋየዋል። ያን ሌሊት ጎርደን ነፍሰ ጡር ሚስቱ ተኝታ ሳለ አልጋው ጫፍ ላይ ሽጉጡን ይዞ ተቀምጦ ያሰላል፤ አሮጊቷን አዳነ፣ ሲያመልጥ የወሰደውን ሱፍ እንኳ ዋጋውን ከፍሎበታል… ይህቺ የሱፍ ነገር እያሳቀችኝ ትነካኛለች። መርማሪ ማለት ከጥርጣሬው ጋር የማይገጥመውን ማስረጃ፣ ትንሽ ብትሆንም፣ ከመዝገቡ የማይሰርዝ ሰው ነው ብዬ የማስበው በዚህች ገጽ ምክንያት ነው።

እንከን የለውም አልልም። ሁለቱም ድምፆች የወንድ ናቸው። የጎርደን ሚስት ባርባራ ባሏ ከሳራ ጋር መውደቁን ከራሱ አፍ ስትሰማ ምን እንዳሰበች የምናየው ከፊቷ ብቻ ነው፣ አንድ ካፕሽን እንኳ አልተሰጣትም። ሴሊና ካይልም (በኋላ ካትውማን የምትሆነው) በዚያች ከተማ ከማንም በላይ የምታውቀው ነገር እያላት ዳር ላይ ቀርታለች። የሦስተኛ ማስታወሻ ቦታ ነበር እላለሁ። በነገራችን ላይ የዚሁ የሚለርና የማዙኬሊ ጥምረት ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1986፣ «ዴርዴቪል» ላይ «ቦርን አጌን» የተባለ ተከታታይ ሠርቶ ነበር። እዚያ ውስጥ ቤን ዩሪክ የሚባል ጋዜጠኛ አለ፤ ጣቶቹን ይሰብሩታል፣ ይፈራል፣ ዝም ይላል፣ በመጨረሻ ይጽፋል። ለዲፓርትመንታችን ተማሪ ከባትማን ይልቅ እሱ ይቀርባል፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

አንድ ነገር ብቻ ይቅር። ታናሽ ወንድሜ እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ ጥቂት ገጾች ወደ አማርኛ እየመለስኩለት ነበር። ካፕሽኖቹ አላስቸገሩኝም፣ «እኔ» በኛም ቋንቋ «እኔ» ነው። ያስቸገረኝ መጨረሻ አካባቢ ያለው የድልድዩ ትዕይንት ነው። ሙሰኞቹ የጎርደንን ጨቅላ ልጅ ጠልፈዋል፣ ድልድይ ላይ ትግል ይፈጠራል፣ ሕፃኑ ወደ ታች ይወድቃል፣ ብሩስ ያለ ጭምብል ተከትሎ ዘሎ ያተርፈዋል። ሕፃኑን ለአባቱ ሲያስረክብ ፊቱ እንደተገለጠ ነው። ጎርደን መነጽሩ ጠፍቶበታል፣ ያለ መነጽር አላይም ይለዋል። የፖሊስ መኪና ድምፅ እየቀረበ ነውና ሂድ ብሎ ያሰናብተዋል። እውነት አላየውም? ወይስ አይቶ ነው? ኮሚኩ አይነግረንም፤ የጎርደን መነጽር ካልነገረን ማን ይንገረን!

እንግሊዝኛው ይህን ምስጢር መያዝ የሚችለው አንዱን ሰውም ብዙዎችንም፣ ታናሽንም ታላቅንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ነው። አማርኛ ግን አይፈቅድም። ጎርደን ቀደም ብሎ ከሚስቱ ጋር ብሩስ ዌይን ቤት ሄዶ ሲጠይቀው ያለ ጥርጥር «እርስዎ» ነው የሚለው፣ ከከተማዋ ባለጸጎች አንዱ ነውና። ድልድዩ ላይ «ይሂዱ» ካለው ያንን ባለጸጋ አውቆታል፣ ምስጢሩ በአንዲት ፊደል ወጣ። «ሂድ» ካለው በጨለማ ለቆመ የማያውቀው ወጣት የተናገረ ይመስላል፤ ወይ ደግሞ አውቆት፣ እንዳላወቀው ሊያስመስል አንተ አለው። ወንድሜ «ታዲያ የትኛው ነው?» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ገጹ ላይ በእርሳስ «ሂድ» ብዬ ጽፌ ትቼዋለሁ።